በመጤ ሰፈር የተተከለው ቤት

ደብረ ማርቆስ በሙሽርነት የገባሁት ጣሊያን አገሩን ከመያዙ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የተወለድኩት ከአምበር ወዲያ፣ ገበሬ አገር ነው፤ አባቴ ባለ ርስት፣ ባለ ጥማድ በሬ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ልጁን ለሸማኔ ሲድር በዚያ ዘመን ብዙ አይሰማም። ዘመዶቻችን «ለቁጢት በጣሽ ሰጣት» ብለው፣ ሸማኔን በሚሰድቡበት ቃል ሰድበው፣ ሠርጌ ላይ ሳይመጡ ቀሩ። አባቴ ግን በገበያ ቀን ያየውን ሰው ወዶት ነበር። «እጁ ሥራ የያዘ ሰው ሲቸገር አላየሁም» አለኝ ሲሸኘኝ። «ደግሞ ሳቂታ ነው። ከሳቂታ ሰው ጋር ክረምቱ ቶሎ ያልፋል።»

አባቴ እውነቱን ነበር። ከሳቂታ ሰው ጋር ብዙ ክረምት አለፈልኝ።

የገባሁበት ሰፈር ከገበያው በታች፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ነው። ከተሜው መጤ ሰፈር ይለው ነበር። ስሙ ስድብ ቢመስልም ውሸት አልነበረም። የባለቤቴ አያት ሸማኔ ሆነው ከመንዝ የመጡ ናቸው። ከጎናችን የሚኖረው ማሲንቆ መቺ ከበጌምድር ነው። ከታች ያሉት ሸክላ ሠሪዎች ከዓባይ ማዶ ተሻግረው የመጡ ሲሆኑ፣ መንገዱ ዳር ሱቅ የነበረው ዓረብ ልብስ ሰፊ ደግሞ ከየመን ባሕር አቋርጦ፣ ምጽዋ ላይ ዓመታት ኖሮ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። አንዳንዱ ቤተ ሰብ ከመጣ ሦስት ትውልድ አልፎታል። ልጆቹ እዚያው ተወልደው፣ እዚያው ክርስትና ተነሥተው፣ እዚያው ተቀብረዋል። ቢሆንም መጤ ነበሩ፤ ጎጃም ውስጥ ሰው የሚቆጠረው በርስት ነውና። አያቱን ቆጥሮ መሬት የማይደርስ ሰው ቤት ይሠራል፣ ቤቱ የቆመበት አፈር ግን የሌላ ነው።

ይህ ነገር እኔን መጀመሪያ ብዙም አልገባኝም ነበር። የገባኝ በበዓል ቀን ነው።

በበዓል ቀን ሸማ አይሠራም፣ ፈትል አይፈተልም። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ቤት ይሰበሰባል። ማሲንቆ መቺው ይጫወታል፤ ከላይ ከአብያተ ክርስቲያናቱ የቅኔ ተማሪዎች ወርደው ግጥም ይገጥሙታል፤ እሱም ይመልስላቸዋል። ሸክላ ሠሪዎቹ በአገራቸው ስልት ትከሻቸውን ሲመቱ እኛ ጎጃሜዎቹ እንስቃለን፤ ቆይተን ደግሞ እኛው እንለምደዋለን። ዓረቡ አንዳንዴ በቋንቋው ያዜማል። አንድም ቃል ሳንሰማ እናጨበጭብለት ነበር። እኔ ባደግሁበት አገር እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። እኛ ዘንድ ሠርግ ካልሆነ ወይ ሰው ካልሞተ ሰው ለዜማ ብሎ አይሰበሰብም።

ችግሩ ቦታ ነው። የሁላችንም ቤት ጠባብ ነው። በዚያ ዓመት የምንሰበሰብበት ቤት ከሁሉ ሰፋ ያለው የአንድ ሸማኔ ቤት ነበር፤ ታዲያ የመሬቱ ባለቤት መጥቶ «ጌሾ ልተክልበት ነው» አለና ቤቱን አስፈረሰው። ከዚያ በፊት የነበረውም እንዲሁ ሆኗል አሉኝ። ሸማኔው ምሰሶዎቹን በትከሻው ተሸክሞ ሲወጣ ባለቤቴ አገዘው፤ ማታ ተመልሶ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠና፣ «እኛ ቤት አለን እንጂ ቦታ የለንም» አለኝ። ሳቂታው ሰው ያን ዕለት አልሳቀም።

ጠላት የመጣው በዚህ መካከል ነው።

ጣሊያን ከተማውን ይዞ ኮረብታው ላይ ምሽግ ሠራ። ሰው ተሰብስቦ መገኘት ክልክል ሆነ። ይባስ ብሎ፣ አዝማሪ ወሬ ያዛምታል፣ ሰውን ለአመፅ ያነሣሣል ተብሎ በሌላ አገር አዝማሪዎች እየተያዙ መገደላቸው ተሰማ። ማሲንቆ መቺው ይህን እንደሰማ ማሲንቆውን በጨርቅ ጠቅልሎ እኛ ጎታ ውስጥ ከጤፉ በታች ቀበረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባለቤቴ ረዳት ሆነ፤ ጥጥ ይነድፋል፣ ክር ያጠነጥናል። ሰው «ሥራህ ምንድን ነው?» ቢለው «ሸማኔ ነኝ» ይላል።

ዳሩ ግን ጣቱን ምን ያድርገው? ጥጥ የሚነደፈው በደጋን ነው። የደጋኑን ጅማት ጥጡ ላይ ሲመቱት ይጮኻል፣ ጥጡም እየተፍታታ እንደ አረፋ ይነሣል። እሱ ታዲያ ጅማቱን አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ እያደረገ፣ ዜማ ያወጣበት ጀመር። ውጭ ለሚያልፍ ሰው ጥጥ የሚነድፍ ሰው ነው። ውስጥ ለተቀመጥን ሙዚቃ ነው። እኔና ሌሎቹ ሴቶች እንዝርታችንን እያሾርን በዚያ ዜማ እንፈትል ነበር። አልፎ አልፎ ባለቤቴ እግሩን ሰድዶ ከሚሸምንበት ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ፣ «አያ፣ ጥጡ እኮ ተነደፈ፤ ወደ ሌላው እለፍ» ይለዋል። «ገና ነው» ይላል እሱ፣ እየሳቀ። ከዚያ ክፉ ዘመን ውስጥ ሳስበው ደስ የሚለኝ ነገር ይህ ነው።

አሁን ስለ እሜቴ ልናገር። የቤታችን መሬት የእሳቸው ነበር፤ የሰፈሩ ግማሽ የቆመው በእሳቸው ርስት ላይ ነው። ቤታቸው ከእኛ ከፍ ብሎ፣ በአጥር ተከቦ ይታያል። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያላቸው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ጨዋ ናቸው፣ ግን ሩቅ ናቸው። በዓመት አንዴ ሸማ እናገባላቸዋለን፣ እሳቸውም ደጃፋቸው ላይ ቆመው «እግዜር ይስጥልኝ» ይሉናል። ከእኛ ቤት ገብተው አያውቁም። ባለ ርስት ሸማኔ ቤት አይገባም።

ልጃቸው ጠላት እንደገባ ዱር ገብቶ ነበር። እሳቸው ግን ለጠየቃቸው ሁሉ «ለንግድ ሄዷል» ይሉ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም «በሰላም ይመልሰው» እንላለን።

አንድ ቀን ከቁይ ገበያ የመጣ ነጋዴ ወሬ አመጣ። ልጁ ወድቋል። የት እንደተቀበረ እንኳ በውል አይታወቅም። ወሬው ከጆሮ ወደ ጆሮ በሹክሹክታ አለፈ እንጂ ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረውም። በዚያ ጊዜ ለአርበኛ ልቅሶ የተቀመጠ ሰው ቤት ይቃጠላል። እናት ለልጇ ደረቷን ብትመታ፣ ልጇ የት እንደነበረ ተናገረች ማለት ነው። እሜቴም ጥቁር አልለበሱም፣ ፀጉራቸውን አልተላጩም። እንደ ወትሮው ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ እንደ ወትሮው ይመለሳሉ። ፊታቸው ግን በጥቂት ቀን ውስጥ አረጀ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ሳለን በሩ ጨለም አለ። ቀና ስል እሜቴ ናቸው። ሙዳይ ሙሉ ጥጥ ታቅፈዋል። ሁላችንም ብድግ አልን። ባለቤቴ ከጉድጓዱ ሊወጣ ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ መጡና ከቁርበቱ ላይ፣ ከጎኔ ተቀመጡ። ጥጡን ከፊቴ አኖሩት።

«ይህን ትፈትይልኛለሽ ብዬ ነው» አሉኝ።

«እሺ እሜቴ፣ በደስታ።»

ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺ ከአምበር በኩል ነሽ አይደል? አገርሽ ሳለሽ ሙሾ ታወርጂ ነበር ይባላል» አሉኝ።

«አዎ እሜቴ፤ ሰው ሲሞት ይጠሩኝ ነበር።»

«እኔም የሞተ ሰው አለኝ» አሉ። «ያላለቀስሁለት።»

ባለቤቴ የሰማ መሰለኝ፤ መወርወሪያውን ይዞ ቆሟል። የሸማው ድምፅ ሲቆም ቤቱ ጭር አለ፤ ከመንገዱ የሚያልፈው ሰው ኮቴ ሳይቀር ተሰማ። «አታቁም» አልኩት። «እንዲያውም ጠበቅ አድርገህ ምታ።» ገባው። መምታት ጀመረ። ማሲንቆ መቺውም ደጋኑን አንሥቶ ጥጥ መንደፍ ጀመረ፤ ጅማቱን ላላ አድርጎ፣ ቀስ ባለ፣ በሚያሳዝን ድምፅ።

እኔ እንዝርቴን አሾርሁና የፈትል ዘፈን አወጣሁ። የፈትል ዘፈን ሁሉ ስለ ጥጥ፣ ስለ ክር፣ ስለ ሸማ ነው። የእኔም ስለ ሸማ ነበር።

ከላይ የምደርበው ሌላ ሸማ የለኝ፣
ነጠላዬን እንኳ እሾኽ አስቀረብኝ።

ነጠላ ሴት ሁሉ የምትደርባት ሸማ ናት። ነጠላ ደግሞ ሁለተኛ የሌለው፣ አንድ ብቻ ማለት ነው። እሜቴ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ሰምና ወርቅ ማንም አይፈታላቸውም። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ነከሱት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሌሎቹ ሴቶች እየተቀበሉኝ እኔ ደግሜ ደጋግሜ አልኩት፤ ሌላም፣ ሌላም ጨመርሁ። የልጃቸውን ቁመት የድር ርዝመት አድርጌ ተናገርሁ፤ ደግነቱን የባዘቶ ልስላሴ አድርጌ ተናገርሁ። እንባቸው በእጃቸው ላይ ይንጠባጠባል፣ ድምፅ ግን አላወጡም።

በዚህ መካከል ነው በሩ ላይ ሰው የቆመው። አንድ የጣሊያን ሹም ነበር፤ ከኋላው ጠመንጃ ያነገበ ባንዳ አለ። ባለቤቴ መምታቱን አላቆመም። ብልህ ሰው ነበር፤ ቢያቆም ኖሮ የደበቅነው ነገር እንዳለ ይታወቅ ነበር። እኔ ግን ድምፄ ተቆረጠ።

ሹሙ አንድ ነገር ተናገረ። ባንዳው ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባና፣ «ምንድን ነው የምትዘፍኑት?» አለ። ከአነጋገሩ የእኛው አገር ሰው መሆኑን አወቅሁ፤ ከአምበር በታች ካለው አገር ሳይሆን አይቀርም።

«የፈትል ዘፈን ነው፣ ጌታዬ።»

«እስኪ ድገሚው።»

ምን አማራጭ ነበረኝ? ደገምኩት። ያንኑ ሁለት መስመር አልኩ። እሱ ሲሰማ አላየኝም፤ ያየው እሜቴን ነው። የተሸፈነ አፋቸውን፣ የረጠበ እጃቸውን አየ። ፊቱ አንዳች አልተለወጠም። ከዚያ ወደ ሹሙ ዞረና በእነሱ ቋንቋ ጥቂት ተናገረ፤ በእጁም ጥጡን፣ እንዝርቱን፣ ሸማውን እያመለከተ አሳየው። ሹሙ ጎንበስ ብሎ ያልተጨረሰውን ሸማ ዳሰሰና ጥበቡን እያየ ፈገግ አለ። ከዚያ ወጣ።

ባንዳው ሊከተለው ሲል በሩ ላይ ቆም አለ። ወደ እሜቴ ጎንበስ ብሎ፣ እኛ ብቻ በምንሰማው ድምፅ፣ «እግዜር ያጽናዎ» አለ። ሄደ።

ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዳግመኛም አላየሁትም። ከጠላት ጋር የቆመ ሰው ነው፤ ለሌላ ሰው ምን እንዳደረገ እግዚአብሔር ያውቃል። እኛን ግን በዚያ ቀን አንድ ቃል ብቻ ቢተነፍስ ሁላችንም አመድ እንሆን ነበር። ስጸልይ ስሙን ስለማላውቅ «ያ በሩ ላይ የቆመው» ብዬ አነሣዋለሁ።

እሜቴ ከዚያ በኋላ ደጋግመው መጡ። አንዳንዴ ያለቅሳሉ፣ አንዳንዴ ዝም ብለው ይፈትላሉ፣ አንዳንዴም የደጋኑን ዜማ ያዳምጣሉ። ቆይተው አንዲት ዘመዳቸውን ይዘው መጡ፤ የእሷም ባል ዱር ወድቆባት ነበር። እሷ ሌላ አመጣች። ጥጥ ይዛ የምትመጣ ሴት በዛች። ሁሉም ለልቅሶ አልነበረም የሚመጣው፤ ቤቱ ውስጥ ዜማ ስላለ ብቻ የሚመጣም ነበር። ሰው ያን ያህል ዜማ ተርቦ ነበር ማለት ነው። ቤታችን ግን ጠባብ ነው። ከፊሎቹ ደጅ ይቀመጣሉ፤ ደጅ መሰብሰብ ደግሞ አደጋ ነው።

አንድ ቀን እሜቴ ፈትላቸውን አቁመው ባለቤቴን ጠሩት።

«ይህ ሰፈር የሚሰበሰብበት ቤት ለምን አይሠራም?» አሉት።

ባለቤቴ ትንሽ አመነታና፣ «ሁለት ጊዜ ሠርተን ሁለት ጊዜ ፈርሶብናል፣ እሜቴ። መሬቱ የሌላ ሰው ነው» አላቸው።

«የሌላ ሰው ያልሆነ መሬት ብሰጣችሁስ?»

ባለቤቴ የሰማውን አላመነም። ከአጥራቸው በታች ያለችውን፣ ወደ ወንዙ የምታይ ደልዳላ ቦታ ነበር የሚሉት። ልጃቸው ቢያገባ ቤት ሊሠራባት ያሰቧት ቦታ ናት።

ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አላለቀም። የወንድማቸው ልጅ ሲሰማ ተቆጥቶ መጣ፤ ከእሳቸው በኋላ ርስቱ ለእሱ የሚደርስ ነው። ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ጽድ ዛፉ ሥር ተቀመጡ። የእሜቴ የንስሐ አባትም ነበሩ። እኛ ከሰፈር የሄድን ሰዎች ራቅ ብለን ቆምን።

«እትዬ» አለ የወንድማቸው ልጅ፣ «ርስት ለመጤ ይሰጣል ወይ? በአባቶቻችን አጥንት ላይ ሸማኔና አዝማሪ ሊተከል ነው?»

እሜቴ አልተቆጡም። «ልጄ፣ አያታችን ራሱ ከመርጡለ ማርያም በኩል የመጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ሲመጣ ምን ይሉት እንደነበር አባትህን ጠይቀኸው ቢሆን ይነግርህ ነበር» አሉት።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። የንስሐ አባታቸው ጥያቄ ነበራቸው፦ «የዘፈን ቤት ነው ወይስ የሥራ ቤት?» እሜቴም፣ «አባ፣ ልጄን ያለቀስሁት እዚያ ነው። ሌላ ቦታ አልቅሺ ያለኝ አልነበረም» አሏቸው። ካህኑ ራሳቸውን ነቀነቁና ከዚያ በላይ አልጠየቁም።

ከዚያ እሜቴ ተነሥተው ቆሙ። «ለሰው አልሰጠሁም» አሉ። «ለእገሌ ሰጠሁ ብል እገሌ ሲሞት ነገሩም ይሞታል። የሰጠሁት ለሥራው ነው። እዚህ ሰፈር የሚሸምን፣ የሚፈትል፣ የሚጫወት፣ የሚያለቅስ እስካለ ድረስ ቦታው የእነሱ ነው። የሚሸጠው የለም፣ የሚከፍለው የለም።» ካህኑ መስቀላቸውን አንሥተው፣ ይህን ቦታ የነጠቀ፣ የሸጠ፣ የለወጠ ውጉዝ ይሁን ብለው ገዘቱ። የቆመው ሰው «አሜን» አለ። እኔም «አሜን» አልሁ። ባለቤቴን ዘወር ብዬ ሳየው ሸማውን ፊቱ ላይ ጥሎ ያለቅሳል። ሦስት ትውልድ ቦታ የለንም ሲል የኖረ ዘር ልጅ ነው፤ አልፈረድኩበትም።

የቀረው የጣሊያን ፈቃድ ነው። ያለ ፈቃድ አንድ ምሰሶ ማቆም አይቻልም። ይህን ሊጠይቅ የሄደው ዓረቡ ልብስ ሰፊ ነው። ምጽዋ ሳለ የጣሊያን ቋንቋ ተምሮ ነበር፤ ለሹማምንቱም ልብስ ይሰፋ ነበር። ሄዶ ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቀዋል።

«ምን አልካቸው?» አለው ባለቤቴ።

«ሸማኔዎቹ በየቤታቸው ተበትነው ከሚሠሩ ባንድ ቤት ቢሰበሰቡ ለእናንተም ለመጠበቅ ይቀላችኋል አልኳቸው» አለ። «አሰቡት፣ ወደዱት። አሁን እንዳትሰበሰቡ የከለከላችሁ ሰው እንድትሰበሰቡ አዝዟችኋል።»

በዚያ ዘመን ከልባችን የሳቅነው ሳቅ ጥቂት ነው፤ አንዱ ያ ነው።

ቤቱን የሠራነው በበጋ ነው። ወንዶቹ ባሕር ዛፍ እየቆረጡ አመጡ፤ መካከለኛው ምሰሶ ግን ጽድ ነው፣ እሜቴ ከግቢያቸው ያስቆረጡት። ሸክላ ሠሪዎቹ ሴቶች ጭቃውን ረገጡ፤ እንደ እነሱ ጭቃ የሚያውቅ የለምና ግድግዳውን ሲለስኑት እንደ ገንቦ ሆድ ለሰለሰ። ዓረቡ የሱቁን አንድ በር ነቅሎ አመጣልን፤ «እኔ አንድ በር ይበቃኛል» አለ። እኔና ሴቶቹ ሣር ከወንዙ ዳር አጭደን ተሸከምን። አባቴ ከአምበር በአህያ ጭድ ጭኖ መጣ፤ ሠርጌ ላይ ያልመጡት ዘመዶቻችንም ሁለቱ አብረውት ነበሩ። አንዱ ማገር ሲያስር ዋለና ሲመሽ፣ «ሸማኔ ደግ ቤት ይሠራል ለካ» አለኝ። ይቅርታው ይህ ነበር፤ ተቀበልኩት።

ቤቱ ሲጠናቀቅ የሸማ ጉድጓዶቹ በዙሪያው ተቆፈሩ፣ መካከሉ ለፈታዮችና ለተጫዋች ክፍት ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ ሰሞን ጠላት ጠባቂ ላከብን። ጠባቂው የመወርወሪያና የደጋን ጩኸት ሲሰማ ይውልና ራሱን ይዞ ይወጣል። ቆይቶ መምጣቱን ተወ። ከዚያ በኋላ ቤቱ የእኛ ሆነ። የቅኔ ተማሪዎቹም «ሸማ ልናሠራ ነው» እያሉ ተመልሰው መምጣት ጀመሩ፤ የሚያሠሩት ሸማ ግን አያልቅም ነበር።

ጠላት ወጥቶ ነፃ ስንሆን መጀመሪያ ያደረግነው ጎታውን መገልበጥ ነው። ማሲንቆው ከጤፉ በታች እንደተጠቀለለ ተገኘ፤ አይጥ ቆዳውን በልቶት ኖሮ ሌላ ቆዳ ተወጠረለት። በዚያው ቤት፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሰው እስከ ወንዙ ድረስ ቆሞ፣ ማሲንቆ መቺው ተጫወተ። እሜቴ ከፊት፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እሱም ወደ እሳቸው ዞሮ እንዲህ አለ፦

መጤ ነህ ቢሉኝም ስዞር ከደጅ ደጅ፣
እሜቴ ተከሉኝ አርገው እንደ ልጅ።

እሳቸው ፈገግ አሉ። ጥቁር ለብሰው ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ገና የተፈቀደላቸው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሜቴ አረፉ። ሬሳቸው ከቤተ ክርስቲያን በፊት በሰፈራችን በኩል ይለፍ ብለው ተናዝዘው ነበርና በቤቱ ደጃፍ አለፈ። ሙሾውን እኔ አወረድሁ፤ ያን ቀን ድምፄን የምቀንስበት ምክንያት አልነበረኝም።

የወንድማቸው ልጅ ርስቱን ወረሰ። ቦታችንን ግን ይፈልገው ነበር፤ ዳኛ ዘንድ ሄዶ ከሰሰን። ሽማግሌዎቹ መሰከሩ። ካህኑም በጣም አርጅተው ነበር፤ ተደግፈው መጡና፣ «እኔ የገዘትሁት በሕይወት ሳለሁ ይጠበቃል፤ ስሞት ደግሞ የበለጠ ይጠብቃል» አሉት። ዳኛው ለእኛ ፈረደ። እኛ ቂም ይይዛል ብለን ፈርተን ነበር። እሱ ግን ለአንድ ዓመት ያህል ዝም ብሎ ቆየና አንድ ቀን ሴት ልጁን በእጁ ይዞ እኔ ዘንድ መጣ።

«ፈትል ትማርልኝ» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። «ድምፅም አላት ይሉኛል። እኔ አላውቅም።»

ድምፅ አላት። ዛሬ በዚያ ቤት ሙሾም ሆነ የፈትል ዘፈን የምታስተምረው እሷ ናት። ባለቤቴ አልፏል፣ ማሲንቆ መቺው አልፏል፣ ዓረቡም በሸመገለበት አገር በመስጊዱ በኩል ተቀብሯል። የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ ተለውጧል፤ ዝናብ ሲመታ ይጮኻል፣ ጨዋታ ላይ ያስቸግራል፤ አሮጌዎቹ እናማርራለን፣ ወጣቶቹ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ሰፈሩን ግን መጤ ሰፈር ብሎ የሚጠራው ሰው እያነሰ ነው። አንዳንዱ «ቤቱ ያለበት ሰፈር» ይለዋል።

እኔ ፈትል አሁን ዓይኔ አይችልም። ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ሄጄ ግድግዳውን ተደግፌ እቀመጣለሁ። ልጆች ይመጣሉ፣ አንዳንዱ ከቁይ፣ አንዳንዱ ከአምበር፣ አንዳንዱም ስሙን ሰምቼው ከማላውቅ አገር። ከየት መጣህ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፤ ቀጥዬም መቀመጫ ቦታ አመላክታቸዋለሁ፤ «ከዚያ ከምሰሶው አጠገብ ተቀመጥ፣ ብርሃን አለው» እላቸዋለሁ።